በደብረ ብርሃን ብርድ ሳንዱች ሲበላ

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው የሰው ጉዳይ አያመልጠውም። ሲቪ ያያል፣ የኪራይ ውል ያያል፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ያያል። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የማየው የሰው ምሳ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ተማሪ በሚበዛበት ሰፈር፣ አንድ ማሽንና አንድ ኮምፒውተር የያዘች ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ በእጁ አንድ ነገር ይዞ ነው የሚገባው። ወረቀቱ እስኪወጣ ቆሞ ይገምጣል። ፍርፋሪው ኪቦርዴ ውስጥ ይገባል፣ ዘይቱ ጠረጴዛዬ ላይ ያርፋል። «እባካችሁ ውጭ በልታችሁ ግቡ» የሚል ማስታወቂያ በትልቁ ጽፌ ለጥፌያለሁ። ማስታወቂያውን ተደግፈው ይበላሉ።

ከመቆጣት መጠየቅ ይሻላል አልኩና መጠየቅ ጀመርኩ። የትኛውን ሳንዱች ነው የምትወደው? ለምን?

የሚወደውንማ ሁሉም ያውቀዋል። «ለምን» ሲባል ነው ጉዱ። «እንዴ እትዬ፣ ይጣፍጣላ!» ይሉና ያፈጡብኛል። ትንሽ ሲቆይ ግን ያስባሉ። ማሽኑ ሃምሳ ገጽ እስኪያወጣ ጊዜ አለ። ከዚያ ወሬው ይመጣል። አንዱ ስለ ቃሪያው ያወራል፣ ሌላዋ ስለ አቮካዶው፣ አንዱ ደግሞ ስለ ማዮኔዙ ይምላል ይገዘታል። ክርክሩ ሁልጊዜ መሀል ስለሚገባው ነገር ነው። እኔ ደግሞ ጉዳዩ ዳቦው ነው ባይ ነኝ። ዳቦውና ሙቀቱ። በተለይ እዚህ ከተማ።

ደብረ ብርሃንን የማያውቅ ካለ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነች። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች። ብርድ ልብሷ ስሟን ያስጠራው ያለ ነገር አይደለም። ጥቅምት ገብቶ ውርጩ ሲጀምር ጠዋት ጠዋት ጣቴ ወረቀት መቁጠር እምቢ ይላል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶቻችን እዚህ ሳይኖሩ አይቀሩም። ተማሪ አጥንት ከየት ያመጣል? ሳንዱች ይዞ ይመጣል እንጂ።

እና እዚህ ከተማ የዳቦ ዕድሜ አጭር ነው። ጠዋት ትኩሱን የገዛችሁት ዳቦ ከሰዓት በኋላ ጥርስ ይፈትናል። ብዙ ሰው ንፋሱ አደረቀው ይላል። ንፋሱም ድርሻ አለው፤ ዋናው ግን ብርዱ ነው። ዳቦ ሲጋገር ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ውሃ ጠጥቶ ይለሰልሳል። ሲቀዘቅዝ ያው ስታርች ተመልሶ ይያያዝና ይጠነክራል። ይሄ ነገር ከሁሉ የሚፈጥነው ከዜሮ ትንሽ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ ነው። ማለትም ፍሪጅ ውስጥ፣ ወይም በኅዳር ሌሊት የኔ ሱቅ ውስጥ። ፍሪጅ የገዛ ሰው «እንዳይደርቅ ብዬ ፍሪጅ ውስጥ ባስቀምጠው ጭራሽ ድንጋይ ሆነ» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነቱን ነው። ዳቦ ከፍሪጅ ይልቅ ሞቅ ያለ ቦታ ቢያድር ይሻለዋል።

ደግነቱ፣ ሲሞቅ ይመለሳል። ከ60 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ስታርቹ ይፈታል፣ ዳቦውም ልስላሴው ይመለስለታል። ለጊዜው ነው ታዲያ። እንደገና ከቀዘቀዘ ከበፊቱ ብሶ ነው የሚደርቀው። ስለዚህ ሞቅ አድርጎ እዚያው መብላት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያልሞቀ ሳንዱች፣ በቃ፣ ዳቦና ወጥ ተለያይተው ነው የሚበሉት። አዲስ አበባ ላይ ቀዝቃዛ ቱና ሳንዱች በልቶ «አሪፍ ነው» ያለ ሰው እዚህ መጥቶ ያንኑ ቢበላ አይደግመውም።

በጥያቄዬ ያለ ተቀናቃኝ አንደኛ የወጣው እንቁላል ሳንዱች ነው። ምክንያቱ ደግሞ ከሱቄ ጎን ነው ያለው። አንዲት እናት ከሰል ምድጃ ላይ መጥበሻ ጥዳ ጠዋትና ማታ ትሠራለች። እጇን ማየት እወዳለሁ። ሁለት እንቁላል ፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ትሰብራለች። ቀይ ሽንኩርት ደቀቅ አድርጋ፣ ቃሪያ ከነፍሬው ቆርጣ ትጨምራለች። ጨው ቆንጠር። በሹካ ሦስት አራት ጊዜ መታ መታ ብቻ፣ አታበዛውም። መጥበሻው ዘይቱ እስኪጨስ አይጠብቅም፤ ሽንኩርቱ ሲነካው «ጭስስ» ካለ በቂ ነው። እንቁላሉ ሥሩ ይዞ ላዩ ገና እርጥብ እያለ፣ ለሁለት የተሰነጠቀውን ዳቦ በሆዱ በኩል እላዩ ላይ ትደፋዋለች። በመዳፏ ጫን። እንቁላሉ ዳቦው ላይ ተጣብቆ ይረጋል። ከዚያ ሁሉንም በአንዴ ትገለብጠዋለች። የዳቦው ጀርባም ዘይቱን እየጠጣ ትንሽ ይጠበሳል። ታጥፈዋለች፣ በወረቀት ጠቅልላ ትሰጣለች።

ያቺ መገልበጥ ናት ነገሩ። ካፌ ብትገቡ እንቁላሉን ለብቻው ይጠብሱና ዳቦው መሀል ያስተኙታል። ሲገመጥ እንቁላሉ ሙሉውን ይመዘዝና አገጭ ላይ ይንጠለጠላል። የእሷ ግን ዳቦና እንቁላል አንድ ሆነው ነው የሚመጡት። በየጉርሻው ሁለቱም አሉ። እንዲህ መሆኑን ስነግራት ሳቀች። «ኧረ እኔ ሣህን ስለሌለኝ ነው» አለችኝ።

ሌላም ነገር አለ። ከሸዋ ሮቢት የመጣ አንድ ልጅ ተከራይቶ ከሚኖርበት ክፍል እንቁላል እየቀቀለ ይበላ ነበር። አንድ ቀን ማስጠረዣ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «እትዬ፣ የዚህ አገር እንቁላል አይበስልም እንዴ?» ይለኛል። ሳቄን ማፈን አቃተኝ። እንቁላሉ ምን በወጣው! ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 91 ዲግሪ ሲደርስ ይንተከተካል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነች ወደ 96 ይጠጋል። ከፈላ በኋላ እሳቱን ብታበዙበት ውሃው እንፋሎት ይሆናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ እናቱ ቤት የለመደውን ያህል ደቂቃ ቀቅሎ ቢያወጣው አስኳሉ ይፈሳል። ድንቹም፣ ምስሩም፣ ሽምብራውም እንደዚሁ ነው። ደጋ ላይ ቅቅል ትዕግሥት ይፈልጋል።

መጥበሻ ግን ደጋም ቆላም አያውቅም። ዘይቱና ብረቱ የፈለጉትን ያህል ይሞቃሉ። ዳቦው ከ140 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ቡናማ መሆን ይጀምራል፤ ያ ጠረን የሚመጣው ያኔ ነው። ማያር የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1912 ይህንን ነገር መርምሮ ጽፎበታል። ፕሮቲንና ስኳር በሙቀት ሲገናኙ በመቶ የሚቆጠሩ አዳዲስ ጣዕሞችና ሽታዎች ይፈጠራሉ። የቡና ቆሎ ሲታመስ፣ ሥጋ ሲጠበስ፣ የዳቦ ቅርፊት ሲቀላ የሚሆነው ያው ነው። የጎረቤቴ እንቁላል ሳንዱች ጠረን ሱቄ ድረስ ገብቶ ደንበኞቼን ወረፋ ላይ አስጥሎ የሚወስድብኝም በዚሁ ምክንያት ነው። ገበያዬን እየሻማችኝ ነው ብዬ እቀልድባታለሁ።

እሷ ዘንድ ረቡዕና ዓርብ እንቁላል የለም። ፆም ነው። ያን ቀን መጥበሻው ላይ ድንች ይወጣል፤ እርጥብ ትሠራለች። የተጠበሰ ድንች፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ላዩ ላይ ካቻፕና ዳጣ። ድንቹ የደጋ ልጅ ስለሆነ እዚህ ሞልቷል። ተማሪዎቹ በጣም ይወዱታል፣ ሆድ ይይዛላ። እኔ ለእርጥብ ብዙም አይደለሁም። ዳቦ በድንች፣ ልስልስ በልስልስ ነው። ጥርስ ሥራ ይፈታል። እንደሚያጠግብ ግን ማንም አይክድም።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ልጅ አለ። ሁልጊዜ «ዳቦ በሙዝ» ነው የሚለኝ። ሳንዱች ነው ወይ ካላችሁ፣ በዳቦ መሀል ነገር ከገባ ሳንዱች ነው፣ ሌላ መስፈርት የለኝም። ዳቦ በሙዝ ያላሳደገው የኢትዮጵያ ተማሪ አለ? የወር መጨረሻ ምግብ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ወደ ሙዝ፣ ጭራሽ ሲጠፋ ወደ በሶ። ልጁ ግን ሀብታም ብሆንም አልተውም ይላል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ እንደ ሌሎቹ አልተኮላተፈም። «ዳቦው ጨው አለው፣ ሙዙ ስኳር አለው። ማላመጥ አያስቸግርም። እጅ አያቆሽሽም። እየነዱም ይበላል» አለኝ። ምን ይነዳል ብዬ አልጠየቅኩትም።

ስለ ሙዝ አንድ ነገር ልበል። እዚህ ሱቅ ላይ የተንጠለጠለ ሙዝ ብዙ ጊዜ ልጣጩ ጠቁሮ ታዩታላችሁ። ሰው በስብሷል ብሎ ይተወዋል። ሙዝ የሞቃት አገር ልጅ ነው፣ ከአርባ ምንጭ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆንበት ልጣጩ ይጎዳና ይጠቁራል። ውስጡ ደህና ሊሆን ይችላል። የደብረ ብርሃን ሌሊት ደግሞ 13 ዲግሪ የሚባል ነገር የት ያውቃል! ስለዚህ ላጥ አድርጋችሁ እዩት። ጥቁሩን ሙዝ ቀነስ አድርገው ስለሚሸጡት ያ ልጅ ይህን ካወቀ ሰንብቷል። ይሄን ጊዜ ነው የተማረ ሰው ማለት።

ሹፌሮችም ይመጡብኛል። ሊብሬና መንጃ ፈቃድ ኮፒ ለማድረግ። አንዱ አዛውንት የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። በደሴ መንገድ ሲመላለስ ኖሯል። ጣርማ በር ዋሻውን በጭጋግ አልፎ፣ ቁልቁለቱን በዝግታ ወርዶ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቶ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሹራቡን ያወልቃል። እዚያ ቲማቲምና ሽንኩርት ይገዛል። ዳቦው ከደብረ ብርሃን፣ ቲማቲሙ ከቆላው። ከመኪናው ወርዶ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ በሴንጢ ይከትፈዋል። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጨው፣ ካለ ዘይት ጠብ። ዳቦው መሀል ያደርገዋል። «ከዚህ የሚበልጥ ሳንዱች አሳዪኝ» ይላል።

እኔ ደግሞ ጥያቄ አላጣም። «ጋሼ፣ ቲማቲሙ ዳቦውን አያረጥበውም?»

«ጨውን መጨረሻ ላይ ነዋ!» አለኝ፣ እንዴት እንደማላውቅ ገርሞት። «ቀድመሽ ጨው ካደረግሽበት ያለቅስብሻል።»

ልክ ነው። ጨው ቲማቲሙ ውስጥ ያለውን ውሃ ይስበዋል። ከትፎ ጨው ነስንሶ አሥር ደቂቃ ያስቀመጠ ሰው ሣህኑ ውስጥ ሾርባ ነው የሚያገኘው። ያ ሾርባ ዳቦው ውስጥ ከገባ አለቀ። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ጨውን ልትበሉ ስትሉ ጣል ማድረግ፣ ወይ የዳቦውን ሆድ ቀድሞ ቅባት መቀባት። ዘይት ይሁን፣ ቅቤ ይሁን፣ አቮካዶ ይሁን፣ ውሃና ቅባት ስለማይዋደዱ ዳቦው ይጠበቃል። ጋሼ ዘይት ጠብ የሚያደርገው ለጣዕም ነው፤ ግን ሳያስበው ዳቦውንም ከለለው።

ቅባት ለቃሪያውም ይሠራል። ቃሪያ የሚያቃጥልበት ነገር ዘይት ውስጥ ነው የሚሟሟው፣ ውሃ ውስጥ አይደለም። ቃሪያ ያቃጠለው ሰው ውሃ ሲጠጣ የሚብስበት ለዚህ ነው። አቮካዶ ያለበት የፆም ሳንዱች ላይ ቃሪያ ብታበዙም የማያስለቅሰው፣ እንቁላሉ ላይም እንደዚያው የሆነው፣ ቅባቱ ስለሚያቅፈው ነው። ጋሼ ግን የሚያስለቅሰውን ነው የሚወደው። «እንቅልፍ ያባርራል» ይላል። ለሹፌር እሱም አንድ ቁም ነገር ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ከተማችን ውስጥ ስሙን የማልጠራው አንድ ካፌ አለ። ክለብ ሳንዱች አዘዝኩ። ሦስት ፎቅ ዳቦ፣ መሀሉ ላይ የጥርስ መፋቂያ ተሰክቶበት መጣ። ዳቦው ደርቋል። መድረቁን እንዳላውቅ ይመስላል ማዮኔዝ ተለቅልቆበታል። ማዮኔዝ ላይ ማዮኔዝ። ዶሮው የት እንዳለ ለማወቅ መፈለግ ነበረብኝ። ቺፕሱ ቀዝቅዟል። ደረሰኙ ግን ትኩስ ነበር። ማዮኔዝ ጠላቴ አይደለም። እንቁላልና ዘይት ነው፣ ምን ክፋት አለው። ግን የዳቦን ድርቀት መሸፈኛ ሲሆን ያናድዳል። ከጎረቤቴ ጋር ሳወራው «እኛ ያደረ ዳቦ እንጠብሳለን፣ እነሱ ያሳምሩታል» አለችኝ።

የሳንዱች ነገር ከተነሣ የእንግሊዙን መኳንንት ታሪክ የሚያነሣ አይጠፋም። ጆን ሞንታጉ፣ የሳንድዊች ግዛት አራተኛው አርል። ቁማር ጠረጴዛ ላይ ሆኖ እጁ እንዳይቀባ ሥጋውን በዳቦ መሀል አድርጋችሁ አምጡልኝ አለ ይባላል። ቁማሩ ወሬ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ግን የእሱ ነው። ጊበን የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1762 በዕለት ማስታወሻው ላይ ሰዎች ሳንዱች ሲበሉ ማየቱን ጽፏል። ይሁን። የመንዝ እረኛ ቂጣውን ለሁለት ከፍሎ መሀሉን ቅቤና በርበሬ ቀብቶ ከብት ሲከተል ግን ማንም ማስታወሻ አልያዘለትም።

እናቴ መንዝ ነው ያደገችው። የገብስ አገር ነው፣ የበግ አገር ነው። የገብስ ቂጣ ከምጣድ እንደወረደ በቅቤና በበርበሬ የቀመሰ ሰው ይፈርድልኛል። ገብስ እንደ ስንዴ አይነፋም። ስንዴን ይዞ የሚያስነሣው ግሉተን ገብስ ውስጥ ደካማ ነው። ስለዚህ ቂጣው ጥቅጥቅ ይላል፣ ወፍራምና ከባድ ነው። ድክመት ይመስላል። ቅቤ ሲቀባበት ግን ጥቅሙ ይታያል፤ አይፈርስም፣ አይርስም፣ ቅቤው ላዩ ላይ ይቀራል። የገብሱ የቆሎ ሽታ ከበርበሬው ጋር ሲገናኝ… እናቴ «በይ ሳይቀዘቅዝ!» ትላለች። እሷም ብርዱን ታውቀዋለች። አነባበሮንም ካነሣችሁ ያው ነው፤ ሁለት እንጀራ ተደራርቦ መሀሉ ቅቤና በርበሬ። ከዳቦ ሳንዱች የሚለየው በእንጀራ መሆኑ ብቻ ነው።

እናቴ ሳንዱች የሚባለውን ግን ምግብ ውስጥ አትቆጥረውም። ሱቄ መጥታ ከጎረቤቴ እንቁላል ሳንዱች ገዛሁላት። «አፈር ስሆን ብይ» ብዬ አስጨረስኳት። ጣፍጧታል፣ ጣቷን ስትልስ አይቻለሁ። ወረቀቱን አጣጥፋ አስቀመጠችና «ምሳስ መቼ ነው?» አለችኝ።

የእኔው ምርጫ ግን የፆም ነው። ሰው ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል፦ አዚፋ በዳቦ።

አዚፋ በእንጀራ ነው የተለመደው፣ አውቃለሁ። ግን ሞክሩት። ድፍን ምስር ይቀቀላል። እዚህ ከተማ እንደነገርኳችሁ ረዘም ላለ ጊዜ። ይጠነፈፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ በማንኪያ ጀርባ ግማሹ ይደቅቃል፣ ግማሹ እንዳለ ይቀራል። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ዘይት፣ ጨው። ከዚያ ሰናፍጩ። ሰናፍጭ እዚህ ላይ ጌታ ነው። ታዲያ አያያዙን ማወቅ ይጠይቃል። ፍሬው እንዳለ ቢቀመጥ ምንም አይሸትም። ሲፈጭና ውሃ ሲነካው ነው ያ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ኃይል የሚፈጠረው። ውስጡ ያለ አንድ ኤንዛይም ውሃ ሲያገኝ ሥራውን ይጀምራል። የፈላ ውሃ ካደረጋችሁበት ኤንዛይሙ ይሞትና ሰናፍጩ ዝም ይላል። በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ፣ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ ነው አዚፋው ውስጥ የሚገባው።

ዳቦውን ግን በደንብ እጠብሰዋለሁ። ምንም ዘይት ሳላደርግ ምጣድ ላይ፣ ሆዱን ወደ ታች፣ ቡናማ እስኪሆን። ከዚያ ቀዝቃዛውን አዚፋ በትኩሱ ዳቦ። የጥብሱ ቅርፊት ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ይለሰልሳል፣ ምስሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሎሚው ምራቅ ያመጣል። ከዚያ ሰናፍጩ አፍንጫ ላይ ይወጣል። ዓይን እንባ ያቀራል። ለአፍታ ነው፣ ይጠፋል፤ እንደ ቃሪያ ምላስ ላይ ተቀምጦ አያንገበግብም። ሁለተኛውን ትገምጣላችሁ። መብራት ቢጠፋም ችግር የለም፤ እንዲያውም መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ስለሚቆም ያኔ ነው ከጎረቤቴ ከሰል ተበድሬ ዳቦ የምጠብሰው። ፕሪንት የሚጠብቁት ልጆችም ቁጭ ብለው ይቀምሳሉ። ዓርብ ዓርብ መብራት እንዲጠፋ የሚመኝ ደንበኛ አፍርቻለሁ።

ከቀመሱት ውስጥ አንዲት የአካውንቲንግ ተማሪ ብቻ «ቲማቲም ይጨመርበት» ብላ ተከራከረችኝ። አልተስማማሁም። ቲማቲም ሲገባ ሎሚውን ያቀጥነዋል፣ ዳቦውንም ያረጥበዋል። እሷም አልተስማማችም። ሪሰርቿን አስጠርዛ ስትወጣ በሩ ላይ ዞራ «ጨውን መጨረሻ ላይ ብታደርጊበትስ?» አለችኝ። ጋሼ ያለውን ሰምታ ነበር ለካ።

አሁን ዓይኔን የጣልኩት ስልጆ ላይ ነው። የባቄላ ዱቄትና የሱፍ ውሃ አንድ ላይ ተሠርቶ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት፣ ጤና አዳም ጣል ተደርጎበት፣ ቀናት አድሮ የሚኮመጥጠው። ዳቦ ላይ እንደሚቀባ ነገር ነው፤ ወፍራም ነው፣ አይንጠባጠብም፣ ከማዮኔዝ በምን ያንሳል? እናቴን እንድትሠራልኝ ለመንኳት። ለምን እንደፈለግኩት ስትሰማ ግን «ስልጆዬን በዳቦ?» ብላ ዘጋችብኝ። ማግስቱን ደወለች። ባቄላውን አስፈጭታለች። ማሰሮውንም አጥናዋለች። ዳቦውን ግን አንቺው ታመጫለሽ አለችኝ።